ጭነት ሁለት ጎን አለው

ይማም ማረፉን የሰማሁት እነዋሪ ገበያ፣ ጨው ተራ ላይ ነው። ከቆላ የወጣ አንድ ነጋዴ ጨው እየሰፈረልኝ ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ "ሽማግሌውኮ አራገፉ" አለኝ።

"የቱ ሽማግሌ?"

"የአልዩ አምባው ናቸዋ! ይማም።"

የበቅሎ ነጋዴ ስለ ባልንጀራው ሞተ አይልም፤ አራገፈ ነው የሚለው። ጨዉን እዚያው ትቼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ገበያው ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አላፊ አግዳሚው ዘመድ የሞተብኝ መስሎት "ምንሽ ናቸው፣ እማማ?" ይለኛል። ምኔ እንደሆነ ምን ብዬ ልመልስ? ሃይማኖታችን ለየቅል፣ አገራችን ደጋና ቆላ፤ ከአንድ መሶብ ሥጋ በልተን አናውቅም። ግን ባሌን አርባ ዓመት ያቆየልኝ እሱ ነው።

እኔ እግሬ የማያርፍ ሴት ነኝ። አንዱን ሰሞን ሰላ ድንጋይ ልጄ ዘንድ፣ አንዱን መዘዞ፣ አንዱን ደብረ ብርሃን እያልኩ እዞራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ ስትጨርስ ደግሞ መልሳ ታነብልኛለች። ያልተነበበልኝን ወረቀት አላምንም። ይህን ያስተማረኝም ይማም ነው።

ይማም በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ጨው ጭኖ ከአልዩ አምባ ያንን ዳገት ይወጣና እነዋሪ ድረስ ይመጣ ነበር። ማደሪያው የአባቴ ቤት ነው። ጓዳችን ውስጥ የሱ ብቻ የሆነ ድስትና ቢላ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ዶሮውን ራሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ እናቴ በሱ ድስት ትሠራለታለች። በጾም ወራት ሲገጥምብን ግን አያርድም። "ጠረኑ ይፈትናችኋል" ብሎ ከኛው ሽሮ ይበላል።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ትከሻውን ያዘቀዘቀው ሥራው ነው። የበቅሎ ጭነት ግራና ቀኝ ነው፤ በዚህ ጎን አንድ አቁማዳ፣ በዚያ ጎን አንድ አቁማዳ። አንዱ ከበደ ማለት ኮርቻው ዞረ፣ የበቅሎዋ ጀርባ ተላጠ፣ ገደል ላይ ከሆነ ደግሞ በቅሎዋም እህሉም የለም ማለት ነው። ይማም ሚዛን የሚባል ነገር አይዝም። አንዱን አቁማዳ ቀኝ ትከሻው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያወርድና ሁለተኛውን ያነሣል፤ ከዚያ "ከዚህኛው ሁለት እፍኝ ቀንሱ" ይላል። ሁለት እፍኝ ሲቀነስ ልክ ነው።

አጎቴ ዘለቀ፣ እግዜር ነፍሱን ይማርና፣ ነገር ካላበላሸ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣

"ይኼ ሰውዬ በትከሻው ይመዝናል። ለመሆኑ ትከሻዎቹ እኩል ናቸው ወይ? ተመልከቱትማ፣ እንደ አሮጌ አጥር ዘሟል!" አለ።

ይማም አልተቆጣም። "አያ ዘለቀ፣ ለዚህ ነዋ ሁለቱንም ባንዱ ትከሻ የምመዝነው" አለው። ሰዉ ፈረሰ በሳቅ። ዘለቀም ሳይወድ ሳቀ።

ጭነው ሲያበቁ ይማም እያንዳንዷን በቅሎ አንዳንድ ጊዜ ይዞራታል። ደህና ከሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። አንዲት ጣት ታህል ካዘመመ "አውርድ" ይላል። ሌላ ቃል የለም፤ ስድብ የለም፣ ቁጣ የለም። አውርድ። ዝናብ ቢመጣ፣ ጀንበር ብታዘቀዝቅ፣ ጌታ ቆሞ ቢጠብቅ፣ አውርድ ካለ ይወርዳል። ወሬ ይዘን ስንመጣም እንደዚያው ነበር። "ወሬም ጭነት ነው፤ ግራውን ብቻ ሰምተሽ አትጫኚ፣ ያጎብጥሻል" ይለኝ ነበር።

ታደለን ባገባሁ በሁለተኛው ክረምት ጣልያኖች በገበያ ቀን እነዋሪ መጡ። አንድ ካፒቴን፣ ወታደሮቹና አንድ አስተርጓሚ። አስተርጓሚው ጫማው የሚያብረቀርቅ የከተማ ልጅ ነበር፣ ጭቃውን እንደ ድመት እየመረጠ ነው የሚረግጠው። ካፒቴኑ ከሰዉ መሐል ሁለት ሽማግሌዎችና የኔን ታደለን አስለየ። ታደለ የተለየው ቁመቱ ረዥም ሆኖ ስለታየ ነው፤ ሌላ ጥፋት አልነበረውም። እጃቸው ታሰረ። አስተርጓሚው ድንጋይ ላይ ቆመና፣

"እስከ ሐምሌ ሥላሴ ድረስ ሃያ ጭነት ገብስ አንኮበር ምሽግ ይገባል! ካልገባ እነዚህ ሦስቱ ይሰቀላሉ!" አለ።

ካፒቴኑ ወረቀት ላይ ጻፈና ለጫኝ ይሰጥ አለ። ገበያ ውስጥ ብዙ የጭነት በቅሎ ያለው ይማም ብቻ ነበር። ወረቀቱን እሱ እጅ ላይ አኖሩት፣ በቅሎዎቹን ቆጠሩበትና እስረኞቹን ይዘው ሄዱ።

ሐምሌ ማለት ጎተራ የሚጠረግበት ወር ነው። ሃያ ጭነት ደግሞ አርባ አቁማዳ ነው። ሰዉ ለዘር ያስቀመጠውን፣ ለአራስ ያቆየውን፣ የጎተራ ጥራጊውን ሳይቀር አመጣ። አንዲት ባልቴት አቁማዳዋን እያስረከበች "ይማም፣ ይኼ ነሐሴዬ ነው" ስትለው ሰምቻለሁ። ወሯን እኮ ነው የሰጠችው።

እናቴ ይማምን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ "አንተ የቆላ ሰው ነህ፤ ማንም አይወቅስህም፣ በቅሎዎችህን ይዘህ ሂድ" አለችው።

"ሰዎቹ ሲታሰሩ አየሁኮ፣ እቴ" አላት። "ካየሁ ወዲያ ባዶ በቅሎ እየነዳሁ ብሄድ፣ ከሁሉም ጭነት የሚከብደው እሱ ነው።"

የሱ በቅሎዎች አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ስምንቱ ከአገር ተዋጣ። አንዷ የኔ ናት፣ ለጥሎሽ የመጣችልኝ ዳልቻ። "ዳልቻ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ" አልኩ። ዘለቀ "ሴት ከሲራራ ነጋዴ ጋር!" ብሎ ሊጮህ ሲል ይማም፣ "በቅሎዋን የምታውቀው እሷ ናት፤ ትምጣ" አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ያንን ወረቀት አጥፎ የቁርአን አንቀጽ ከሚይዝባት የቆዳ ከረጢት ውስጥ ከተተው። መንገድ ላይ ግን ደጋግሞ ያወጣዋል፤ ያገላብጠዋል፤ መልሶ ይከተዋል። "ምን ታየዋለህ፣ አታነበው" አለው በቅሎ ሊነዳ አብሮን የወጣው ዘለቀ።

"አንዱን ጎን ከልጁ አፍ ሰማሁ" አለ ይማም። "ሁለተኛው ጎን እዚህ ውስጥ ነው ያለው። የሚያነብልኝ እስካገኝ ግማሽ ጭነት ነው የያዝኩት።"

ደብረ ብርሃን ስንቃረብ የበሬሳ ወንዝ ሞልቶ ደረሰ። እኛ እንሻገር፣ ቀኑ አለቀብን እያልን ስንንጫጫ ይማም ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ወንዙ መሐል ያለች ድንጋይ ያያል። "ራሷን ስታወጣ እንገባለን" አለ። ግማሽ ቀን ጠበቅናት። ድንጋይዋ ራሷን ስታወጣ መሪዋን በቅሎ ቡላን አስቀደመ፤ የአንገቷ ቃጭል ከውኃው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። አንድ ባንድ ተሻገሩ። ዳልቻ መጨረሻ ነበረች። መሐል ላይ እግሯ ተንሸራተተ፤ ኮርቻው ዞረ፤ ሁለቱ አቁማዳዎች በአንድ ጎን ሆነው ወደ ታች ይጎትቷት ጀመር።

ይማም ዘሎ ገባ። ጭነቱን የሚያስር መስሎኝ ነበር። ቢላውን መዝዞ መጫኛውን ቆረጠው። አቁማዳዎቹ እንደ ሰው ራስ ሁለት ጊዜ ብቅ አሉና ጠለቁ። ዳልቻ ተነሥታ ወጣች። እኔ "ታደለ!" ብዬ ጮህኩ። በቅሎዋን ረስቼ፣ የሰጠመው እሱ መስሎኝ።

"ምን አደረግህ?" አለው ዘለቀ። "አሥራ ዘጠኝ ቀረን! ሃያ ነው ያሉት! የሰው ነፍስ ነው የቆረጥከው!"

ይማም ልብሱን ይጨምቃል። "መጫኛውን ባልቆርጥ በቅሎዋም ጭነቱም የሉም ነበር" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "የሺ፣ እስክንደርስ አልደረስንም። አታልቅሺ። ዳልቻን በሣር እሽት እሽት አድርጊልኝ፣ ብርድ እንዳይመታት" አለኝ። የሚያለቅስ ሰው እጁ ሥራ ካገኘ እንባው ይቀንሳል፤ ያውቅ ነበር። ዳልቻን እስኪሞቃት አሸሁ።

በማግሥቱ አንኮበር ጫፍ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ጉም ዋጠን። የፊተኛዋ በቅሎ ጭራ ለኋለኛዋ አይታይም። በቃጭሉ ብቻ እየተመራን ስንሄድ ከጉሙ ውስጥ "ቁም!" የሚል ድምፅ መጣ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች እንደ ዛፍ አንድ ባንድ ብቅ አሉ። አርበኞች ናቸው። አለቃቸው ደምሴ ይባላል፣ ጎፈሬው ላይ ጤዛ የተኛበት ጎበዝ።

"ቃጭልህን ከሩቅ ነው የሰማነው፣ ነጋዴ" አለ።

"እንዲሰማ ነው ያሰርኩት። ቃጭል የሚፈታ ሌባ ነው" አለው ይማም።

"ለጠላት ገብስ የሚጭንስ ምን ይባላል?"

"አንገት የሚጭን ይባላል። ሦስት ሰው ምሽጉ ውስጥ ታስሯል። ይኼ እህል ካልገባ ነገ ሥላሴ ነው፣ ይሰቀላሉ። አንዱ የዚህች ልጅ ባል ነው።"

ደምሴ አየኝ። ፊቱ ትንሽ ላላ፣ መልሶ ጠነከረ። "እህት ዓለሜ፣ አዝናለሁ። ግን ይህን በልተው ነው ነገ የሚተኩሱብን። አውርዱ!"

ሰዎቹ ወደ በቅሎዎቹ ሲመጡ ይማም እጁን አነሣ። "አወርዳለሁ። በፊት ግን አንድ ነገር ስጡኝ። ከመሐላችሁ የጣልያን ፊደል የሚያነብ አለ?"

ተያዩ። ከኋላ አንድ ቀጭን ሰው ወጣ። ጣልያንን ከድቶ የገባ አስካሪ፣ ማለት የጣልያን ቅጥር ወታደር የነበረ ነው፣ ከመረብ ማዶ የመጣ። አስመራ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሯል። ይማም ከረጢቱን ፈትቶ ወረቀቱን ሰጠው።

አስካሪው ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበ። "ቬንቲ ሳኪ ዶርዞ። ሃያ ሳኮ ገብስ።"

"ሳኮ ምንድን ነው?"

አስካሪው ጎንበስ ብሎ ከዳልቻ ጎን የቆመችውን በቅሎ አቁማዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "ይኼ ነዋ!"

"ይኼ አንዱ? ወይስ ይኼና ያኛው አንድ ላይ?"

"አንዱ! አንዱ ሳኮ ነው። ያኛው ሌላ ሳኮ ነው።" ከአቁማዳው አፍ የፈሰሱ ጥቂት ፍሬዎች መሬት ላይ ነበሩ፤ እያወራ ለቀመና መልሶ ከተታቸው።

ይማም አቁማዳዎቹን ተራ በተራ አየ። ከዚያ ሳቀ። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን እስኪያቆሙ ድረስ ሳቀ። "ወላሂ! ልጁ በቅሎ ጭኖ አያውቅም! አቁማዳውን ጭነት ብሎ ተረጎመው! እነሱ ሃያ አቁማዳ ብለው፣ እኛ ሃያ በቅሎ ጫንን!"

ዘለቀ እንደ ደነዘዘ፣ "እና እጥፉን ነው ያመጣነው? የባልቴቷን ነሐሴ?" አለ።

"ደግሞስ ውሸት ቢሆንስ?" አለ ሌላው የአገራችን ሰው። "ይኼ ሰውዬ እህሉን ፈልጎ ቢሆንስ? አሥር በቅሎ ይዘን ገብተን ሃያ ቢሉን ማን ሊመልስልን ነው?"

ይማም ወደኔ መጣ። "የሺ፣ አንገቱ ያንቺ ነው። ሁለቱንም ጎን ሰምተሻል። እኔ ጫኝ ነኝ፤ ያልሽውን አደርጋለሁ።"

ማንም በዕድሜዬ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴም፣ ባሌም፣ ቄሱም። አስካሪውን አየሁት፤ መዳፉ ላይ አንዲት የገብስ ፍሬ ተጣብቃ ቀርታለች፣ እሷንም በጥፍሩ አንሥቶ ወደ አቁማዳው ሲከት አየሁ።

"አውርድ" አልኩ።

ወረደ። ሃያ አቁማዳ በአሥር በቅሎ ላይ ቀረ፤ ዘጠኝ ጭነት ተረፈ። ደምሴ ሊረከብ ሲል ይማም ከፊቱ ቆመ። "አራቱ ላንተ፣ አምስቱ ለባለቤቶቹ።"

"እኛ ነን የምንዋጋው! ለምን አራት?"

"ጠመንጃ አላችሁ። ባልቴቷ ነሐሴዋን ብቻ ነው ያላት።"

ደምሴ ጎፈሬውን አከከና "ይኼ ሰውዬ እኔንም በትከሻው መዘነኝ" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። አምስቱን ጭነት ከሌሎቹ በቅሎዎች ጋር ዋሻ ውስጥ አኑረው እስክንመለስ ጠበቁልን። አንዲት እፍኝ አልጎደለም።

ምሽጉ በር ላይ ካፒቴኑ፣ አንድ ጸሐፊና ያ አስተርጓሚ ቆመዋል። አስተርጓሚው በቅሎዎቹን ሲያይ ፊቱ ቀላ። "አሥር በቅሎ? ሃያ ጭነት አላልኩህም?"

"ብለኸኛል፣ ጌታዬ። ወረቀቱ ግን ሳኮ ነው የሚለው።"

"ማን አነበበልህ?"

"ጉም" አለ ይማም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ አባት፣ "ልጄ፣ በቅሎ ስለማትጭን አይፈረድብህም። ጭነት ሁለት ጎን አለው። አንተ የኔን ጎን ከተውክልኝ እኔም ያንተን እተውልሃለሁ፤ መሳሳትህን ካፒቴኑ አይሰማም" አለው።

ካፒቴኑ ምን እንደሚባባሉ ጠየቀ። ልጁ አንድ ነገር በጣልያንኛ መለሰ። ጸሐፊው በዱላው አቁማዳዎቹን እየነካ መቁጠር ጀመረ። ኡኖ፣ ዱዌ እያለ ሲሄድ እኔ ምንም አይገባኝም፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው የምጠብቀው። የመጨረሻዋን አቁማዳ ነካ፤

"ቬንቲ።"

ከጉሙ ውስጥ የሰማኋት ቃል! የቡላን አንገት ይዤ ቆምኩ።

ታደለ ሲወጣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱን ደግፎ ነበር። መጀመሪያ ያለኝ ቃል፣

"ዳልቻስ?"

"አለች። ጭነቷን የበሬሳ ወንዝ በላው።"

"እሷ ካለች በቃ" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ወንዶች እንዲህ ናቸው።

ባልቴቷ ነሐሴዋን ሙሉውን ባታገኝም ግማሹን አገኘች። አቁማዳዋን ስትቀበል የይማምን ቀኝ ትከሻ ሳመችው፤ ዘለቀ ቆሞ እያየ ምንም ክፉ ነገር አልተናገረም። ከዚያ ወዲህም ስለዚያ ትከሻ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ጣልያን ወጥቶ፣ ልጆች ወልጄ፣ ይማምን ጠየቅሁት። "አያ ይማም፣ ያ አስካሪ ዋሽቶ ቢሆን ኖሮስ?"

"ፍሬውን ሲለቅም አላየሽም?" አለኝ። "እህል የሚያከብር ሰው በእህል አይዋሽም።"

እኔም ያየሁት እሱኑ ነበር። አልነገርኩትም። ያወቀ ይመስለኛል።

እንግዲህ ያን ዕለት ከገበያው ድንጋይ ተነሥቼ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ገብስ ያዝኩ፤ አላስፈጨሁትም፣ ጥሬውን ነው፤ በገዛ ድስታቸው ይሥሩት ብዬ። በሁለት አቁማዳ ከፍዬ፣ እያንዳንዱን በዚህ በደከመ ትከሻዬ መዝኜ፣ ከአንዱ ሦስት እፍኝ ቀንሼ አህያ ላይ ጫንኩ። እስከ ደብረ ብርሃን ከሰው ጋር፣ ከዚያ አንኮበር፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ። ልጆቼ "በዚህ ዕድሜሽ!" አሉኝ። እግሬ መንገዱን አልረሳውም ነበር።

ለቅሶው ካለፈ ሰንብቷል፤ ግን ቤቱ ሰው አላጣም። የይማም የበኩር ልጅ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ አቁማዳዎቹን ሊያወርድልኝ መጣ። አንዱን ቀኝ ትከሻው ላይ አደረገና ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። አወረደና ሌላውን አነሣ። ዞሮ አየኝ።

"እኩል ናቸው። እናቴ፣ ማነሽ አንቺ?"

"የእነዋሪዋ የሺ ነኝ።"

"በሬሳ ወንዝ ዳር የጮኸችው?" አለ። ወደ ውስጥ ተጣራ፤ ሰዉ ሁሉ ወጣ። አባታቸው ያቺን ቀን ለልጆቹ በየዓመቱ ሲነግራቸው ኖሯል። እኔ ስለሱ ስናገር የኖርኩትን ያህል እሱም ስለኔ ተናግሮ ነበር።

ሦስት ቀን አሳደሩኝ። በአራተኛው ቀን ልሄድ ስነሣ ልጁ "ከአባቴ ቤት ባዶ እንስሳ አይወጣም" ብሎ አህያዬ ላይ በዚህም በዚያም ጎን ጨው ጫነልኝ፣ መጫኛውን አጠበቀና እጁን አራገፈ። እኔ አህያዋን አንድ ጊዜ ዞርኳት። በግራ በኩል አንዲት ጣት ታህል አዘምሟል።

"አውርድ" አልኩት።

ሰውዬው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀኝ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ፣ እየሳቀ፣ መጫኛውን ፈታው።